ድመት ከአሸዋ ሳፋዋ ስትሸሽ

ድመትን ከቤት እንስሳት ሁሉ ለይተን ወደ መኝታችን እስክትገባ ድረስ የምንፈቅድላት ስለ ንጽሕናዋ ነው። በልታ ስትጨርስ ፊቷን ታጥባለች፤ ዐይነ ምድሯን ቈፍራ ትቀብራለች፤ ቀብራም አልተሸፈነ እንደ ሆነ ዞራ ታያለች። እንግዲህ ይህችው እንስሳ አንድ ቀን ተነሥታ በፍራሽ ላይ ወይም ተጣጥፎ በተቀመጠ ልብስ ላይ ሽንቷን ብትጥል የቤቱ ሰው ከሽታው ይልቅ ክሕደቱ ያናድደዋል። «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» ብሎ ይተርትባትና ጆንያ ይፈልጋል። ጆንያው ለምን እንደ ሆነ ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም። ከትቶ፥ አፉን አስሮ፥ መመለሻውን እንዳታውቅ ከሩቅ ሰፈር ወስዶ ለመጣል ነው።

እኛም ይህን ለመጻፍ የተነሣነው በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር እንዲህ ያለ ጆንያ በአንድ ቤት በር አጠገብ ተዘጋጅቶ ስላየን ነው።

ቤቱ በድሬዳዋ፥ በሳቢያን በኩል ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፥ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራሉ፤ ይኸውም በ2014 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የአገራችን የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና ተብሎ በተመረቀው ስፍራ ማለት ነው። ቀድሞ በመጋላ በኩል ሰፊ ግቢ ባለው ቤት በኪራይ ይኖሩ ነበር፤ ማለዳ ሠራተኛውን የሚወስደው ሰርቪስ እንዲቀርባቸው ሲሉ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተዛወሩ። ልጃቸው የዐሥር ዓመት ልጅና የእኛ ተማሪ ነው። እናቲቱ በዚያን ጊዜ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእነርሱ ጋር «ውሮ» ብለው የሚጠሩት ቀይ ወንድ ድመት አለ።

እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ፊደል ስንቈጥር አይጥ ብራናውን እንዳይበላ በዕቃ ቤቱ ድመት ይኖር ነበር። ለዚያ ድመት ሳፋ ያዘጋጀለት ሰው አልነበረም፤ ቅጥሩ ሁሉ አፈር ነበረና። ውሮም በመጋላ ሳለ እንዲሁ ነበር። ወደ ሲሚንቶ ወለል ሲመጣ ግን የሚቈፈር መሬት አጣ። አባትየው አስተዋይ ሰው ስለ ሆነ ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ አምጥቶ በፕላስቲክ ሳፋ ሞልቶ ከመተላለፊያው ጥግ አኖረለት። ድመቱም በመጀመሪያው ቀን አሽትቶ፥ በሁለተኛው ቀን ቈፍሮ ተጠቀመበት። ሦስት ወር ያህል ምንም ችግር አልነበረም።

ድመትን ማንም ሳያስተምራት አሸዋ የምትመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የታተመ አንድ ትልቅ የዘር ምርመራ እንዳሳየው በዓለም ያሉት የቤት ድመቶች ሁሉ የተገኙት በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ ከሚኖረው የበረሓ ድመት ወገን ነው። ይህ የዱር ድመት በእኛም አገር አለ። ከበረሓ የወጣ ፍጥረት ስለ ሆነ ሁለት ጠባይ ይዞ መጥቶአል። አንደኛው ልቅ አፈር ቈፍሮ መቅበር ነው። ሁለተኛው ጥቂት ውሃ ጠጥቶ ሽንቱን እጅግ አወፍሮ ማስወጣት ነው። ሁለተኛውን ጠባይ አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

እንደ ድሬዳዋ ልማድ የታኅሣሥ ገብርኤል ሲቃረብ የዚያ ቤት በር አይዘጋም። በዚያ ዓመትም ከታኅሣሥ 16 ቀን ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወደ ቁልቢ የሚሄዱ ዘመዶች ገቡበት። በመተላለፊያው ላይ ፍራሽ መነጠፍ ስላለበት ሳፋው ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት፥ ድመቱ ከሚበላበት ሳሕን አጠገብ ተዛወረ። አሸዋው ከእግር በታች ይንኰሻኰሻል ተብሎ ተደፋና ከአናጢ ቤት የመጣ ሰጋቱራ ገባበት። ሳፋው ለእንግዶች ክብር ሲባል በበረኪና ታጠበ። የእንግዶቹ ሕፃናትም ድመቱን ከሥር ከሥሩ ያባርሩት ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው በሦስት ቀን ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ውለው ማታ ተመለሱ። እሑድ ማለዳ እናቲቱ ለቅዳሴ ያዘጋጀችውን ነጠላ ስታነሣ በሽንት ረጥቦ አገኘችው። ያን ቀን በፍራሹ፥ በበሩ ሥር፥ በመታጠቢያውም ወለል ላይ ጠብታ ጠብታ ታየ። ድመቱ ተመታ። አፍንጫውንም ይዘው ከነጠላው ላይ አሹት። ሰኞ ልጁ ትምህርት ቤት መጥቶ ራሱን በጠረጴዛ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ ምን ሆንህ ብንለው «አባቴ ዛሬ ማታ ውሮን ሊጥለው ነው» አለን።

ከትምህርት በኋላ አብረነው ሄድን። በድሬ ሰው አንቱታ አይበዛምና አባትየው ከበሩ ላይ «መምህር፥ እንኳን መጣህ፤ ፍረድ» ብሎ ተቀበለን። እናቲቱም ነጠላውን ዘርግታ አሳየችን። በእውነት ለመናገር ከመምጣታችን በፊት የእኛም ፍርድ ወደ ጆንያው ያዘነበለ ነበር።

ዳሩ ግን ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ድመቱን አየነው። ከመታጠቢያው ቤት ጥግ ሄዶ ተቀመጠ፤ ጀርባውን አጕብጦ አማጠ፤ ምንም ሳይወጣው ተነሣ። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ተቀመጠ። ድምፁ እንደ ወትሮው «ሚያው» ሳይሆን ከሆድ የሚወጣ ረዥም ጩኸት ነበር። ከብልቱ በታች ይልሳል። ከተቀመጠበት ወለል ላይ አንዲት ጠብታ አገኘን፤ እርስዋም ደም የቀላቀለች ነበረች። ልጁን ስንጠይቀው ከጠዋት ጀምሮ እንዳልበላና አንድ ጊዜም እንዳስመለሰ ነገረን።

ይህን ምልክት እያንዳንዱ ድመት ያለው ቤተ ሰብ ቢያውቀው ደስ ይለናል። ወንድ ድመት እየተመላለሰ ተቀምጦ ሲያምጥ ሽንት ግን የማይወጣው ከሆነ የዐመል ነገር አይደለም፤ የሽንት መውጫው ተዘግቶአል ማለት ነው። የወንዱ ቧንቧ ከሴቲቱ ይልቅ ረዥምና ጠባብ ስለ ሆነ ደቃቅ ጠጠርና እንደ አክታ ያለ ነገር በቀላሉ ይደፍነዋል። የተጠራቀመው ሽንት ኩላሊቱን ያስጨንቃል፤ ከደም ሊወገድ የሚገባው መርዝና ፖታስየም የሚባለው ንጥረ ነገር በሰውነቱ ይከማችና ልቡን ያቆማል። ፈጽሞ ከተዘጋ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይገድላል። ብዙ ሰው ድመቱ ሆዱ ደርቆበት የሚያምጥ ይመስለውና ዘይት አጠጥቶ ያሳድረዋል፤ በዚያ ሌሊት ውስጥ ጊዜው ያልፋል።

በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው፤ ያ ጆንያ ሳይሆን ክዳኑ የተበሳ ካርቶን ነበር የያዘው። ሐኪሙ ሆዱን በሁለት ጣቱ ዳሰሰና ለእኛም አስዳሰሰን፤ ፊኛው እንደ ሎሚ ጠንክሮ ነበር። በመድኃኒት አደንዝዞ ቀጭን ቱቦ አስገባ፤ ቀይ ሽንት ወረደ። ቱቦው ሁለት ቀን ከውስጡ እንዲቈይ፥ በደም ሥርም ፈሳሽ እንዲሰጠው አደረገ። አባትየው ከመምጣታችን በፊት ለሥቃዩ ግማሽ ፓራሲታሞል ሊሰጠው አስቦ እንደ ነበር ሲናገር ሐኪሙ ደንግጦ ቀና አለ። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት እንደ ሰው ጉበት ሊያከሽፈው ስለማይችል ግማሽ ኪኒን እንኳ ሊገድላት ይችላል። ለሰው የተሠራ ማስታገሻ ለድመት አይሰጥም።

«ነገ ቢሆን ኖሮ?» ብሎ ልጁ ጠየቀ። ሐኪሙ መልስ አልሰጠውም፤ የድመቱን ጆሮ ዳበሰ።

ከዚያ በኋላ በሐኪሙ ዘንድ የተነጋገርነውና ራሳችንም ያነበብነው እንዲህ ነው። የድመት ፊኛ ያለ ተሕዋስ፥ በጭንቀት ብቻ፥ ሊቈስልና ሊያብጥ ይችላል። እንግዳ ሲበዛ፥ ቤት ሲለወጥ፥ ሳፋው ሲዛወር ይህ ሕመም በብዙ ድመቶች ይነሣል። በዚህ ላይ በጥቂት ውሃ መኖርን የለመደች ፍጥረት ደረቅ ምግብ ብቻ ስትበላ ሽንቷ ይወፍራል፤ የድሬዳዋም ሙቀት ተጨማሪ ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ጾመ ነቢያት ከገባበት ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ሥጋ ስላልተሠራ ውሮ በሽሮ የራሰ እንጀራና ከሱቅ የተገዛ ደረቅ የድመት ምግብ ብቻ ይቀርብለት ነበር። ድመት ያለ ሥጋ ልትኖር እንደማትችል ሆና የተፈጠረች ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ወይም ከዓሣ ካላገኘች ዐይኗና ልቧ ይጐዳል። ጾም የተሠራው ለሰው ነው። እኛ ስንጾም ድመቷ የምትበላውን ማሰብ ጾማችንን የሚያፈርስ አይመስለንም።

ደግነቱ ድሬዳዋ ነው። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት በጾም ቢዘጋ የእስላሙ አይዘጋም፤ በታችኛው ፎቅ የሚኖሩ እስላም እናት ይህን ሲሰሙ በየሁለት ቀኑ የተቀቀለ ሳምባ ከነመረቁ ይልኩለት ጀመር። ድመት የሥጋ ቤት ልዩነት አታውቅም። መረቁም ከሥጋው የማያንስ ጥቅም ነበረው፤ ጨውና ሽንኩርት ያልገባበት መረቅ ድመት ሳታውቀው ብዙ ውሃ የምትጠጣበት መንገድ ነው። ሽንኩርት ግን ደሟን ያበላሻልና የወጥ ትርፍ ሊሰጣት አይገባም።

እንግዲህ ወደ ሳፋው እንመለስ፤ ሕመሙ ቢድንም ሳፋው እንደ ነበረ ቢቀር ኖሮ ድመቱ አይመለስበትም ነበር። በሳፋው ላይ ሳለ የታመመ ድመት ሥቃዩን ከሳፋው ጋር ያያይዘዋልና፤ ልክ ሕፃን መርፌ የተወጋበትን ቤት እንደሚፈራ። ስለዚህ አዲስ ሳፋ ተገዛ፤ አሮጌውም ከተዛወረበት ተነሥቶ በመጀመሪያው ጥግ ተመለሰ። ሁለት ሳፋ ለአንድ ድመት ሲባል አባትየው ሳቀ። ነገር ግን የሚመከረው በድመቶቹ ቊጥር ልክ፥ ከዚያም በላይ አንድ ተጨማሪ ነው፤ አንዱ ቢቈሽሽ ወይም መንገዱ ቢዘጋበት ሌላ እንዳያጣ። ስፋቱም ዞሮ ለመቈፈር የሚበቃ፥ ከአካሉ ርዝመት በእኩሌታ የሚበልጥ ይሁን። የጠርዙ ከፍታ ለጕልማሳ ድመት አያስቸግርም፤ ያረጀች ድመት ግን መገጣጠሚያዋ ስለሚያማት ከፍ ያለ ጠርዝ መዝለል አቅቷት ከአጠገቡ የምትሸናበት ጊዜ አለ። ከጠርዙ አንዱን ወገን ቈርጦ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ከምግብ አጠገብ ማኖር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ማንስ ከመጸዳጃው አጠገብ ማዕድ ይዘረጋል? ጫጫታ ባለበት፥ በሩም ሲዘጋ መውጫ በሌለበት ጠባብ ክፍል ማኖርም እንዲሁ።

ስለሚሞላበት ነገር ግን ጥቂት ማለት እንፈልጋለን። በአገራችን ሰው ቀድሞ አመድ፥ ኋላም ሰጋቱራ ይጠቀማል። በአሜሪካም እንዲሁ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 በሚሽገን አገር አንዲት ሴት አመዱ በድመቷ እግር እየተከተለ ቤቷን ስላቈሸሸባት አሸዋ ልትለምን ወደ ጐረቤቷ ወደ ኤድዋርድ ሎው ሄደች። እርሱም በመጋዘኑ የነበረውን፥ የፈሰሰ ዘይት ለማድረቅ የሚሸጥ የተጠበሰ የሸክላ አፈር ሰጣት። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው የድመት አፈር ንግድ የተነሣው ከዚያ ነው። ለእኛ ግን የተነፋ ንጹሕ አሸዋ ይበቃናል። ደቃቅነቱ ለመዳፏ ይስማማል፤ ሽታም የለውም። ሰጋቱራ ከትኵስ ዝግባ ወይም ጥድ ከሆነ የሚሸተው ለእኛ ደስ የሚለን ለእርስዋ የሚከብድ ነው። ድመት የለመደችውን አፈር በአንድ ቀን መለወጥ አይገባም፤ መለወጥ የግድ ከሆነ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀላቀሉ ነው።

በረኪናን በተመለከተ እናቶች ይስሙን። በረኪና በሽንት ላይ ሲፈስ አስቸጋሪ ጭስ ያወጣል፤ ከአቼቶ ጋር ቢቀላቀል ደግሞ ለሰው ሳንባ እጅግ አደገኛ የሆነ ጋዝ ይወጣዋል። ሳፋውን በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ማጠብ ይበቃል። ድመት በሸናችበት ልብስ ወይም ፍራሽ ላይ ሽታው ከቀረ ለእኛ ባይሸተንም እርስዋ አሽትታ ትመለስበታለች፤ ስለዚህ ወዲያው በጨርቅ መጭመቅ፥ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፥ ከዚያም ኤንዛይም በተቀላቀለበት የልብስ ዱቄት ሳሙና ዘፍዝፎ ማጠብ ነው። ይህ ዱቄት ካልተገኘ ውሃ የተቀላቀለበት አቼቶ ብቻውን ይረዳል።

ድመትን መምታትና አፍንጫዋን ማሸት ከንቱ ነው። ቂም ይዛ ወይም ለበቀል የምትሸና ድመት የለችም፤ ሕመምን ወይም ፍርሃትን በሌላ ቋንቋ ልትነግረን አትችልም። የተመታች ድመት የምትማረው ሰው በሌለበት መሽናትን ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በ12ኛው ምዕራፍ በቊጥር 10 ስለ ጻድቅና ስለ እንስሳው የሚለውን እኛ ለበሬና ለአህያ ብቻ ስናስተምረው ኖረናል፤ በዚያን ዕለት ማታ ከሐኪሙ ዘንድ ስንመለስ ትዝ ያለን ይኸው ነበር።

ከዚህ የሚለይ አንድ ነገር አለ። ድመት ቆሞ፥ ጭራውን ቀና አድርጎ እያንቀጠቀጠ በግድግዳና በበር ላይ ሽንቱን የሚረጭ ከሆነ የሳፋ ጕዳይ አይደለም፤ ወሰኑን ምልክት ማድረጉ ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ይህን ያዘወትራል፤ ሲኮላሽ አብዛኛው ይተወዋል።

የቀረው የእናቲቱ ጭንቀት ነው። ጐረቤቶች «የድመት ጠጕር ፅንስ ይጐዳል» እያሉ አስፈርተዋት ነበርና ጆንያው የተዘጋጀው ስለ ነጠላው ብቻ አልነበረም። በነገሩ ውስጥ እውነት አለ፤ ጠጕሩ ግን አይደለም። ቶክሶፕላስማ የሚባል ዐይን የማያየው ተሕዋስ በድመት ዐይነ ምድር ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ሊቃውንት ይህን ያረጋገጡት በ1962 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብትያዝ ፅንሱን ሊጐዳው ይችላል። ነገር ግን ዐይነ ምድሩ በወጣበት ቀን ገና አያስተላልፍም፤ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ሳፋው በየቀኑ ቢጠረግና የሚጠርገው ከነፍሰ ጡርዋ ሌላ ሰው ቢሆን ፍርሃቱ እጅግ ያንሳል። ይልቁንም ይኸው ተሕዋስ ካልበሰለ ሥጋና በደንብ ካልታጠበ አትክልት ይገኛል። ይህን ስንነግራት እናቲቱ ዝም አለች፤ ለልደት በዓል ጥሬ ሥጋ ለመብላት ስትመኝ ከርማ ነበርና። ባልዋ «እንግዲህ ክትፎውን እንጂ ድመቱን አንጥልም» ብሎ አሣቃት። በወሩ የጤና ክትትል ላይም ነገሩን ለሐኪምዋ ተናገረች።

ውሮ በታኅሣሥ 24 ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱንም ሳፋ እያሸተተ አለፈ፤ ልጁም አሸዋውን በጣቱ እየጫረ አሳየው። በአራተኛው ቀን ገብቶ ቈፈረ። ልጁ ድመቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሸና በደብተሩ ጀርባ ይጽፍ ነበር፤ ሁለት፥ ሦስት፥ ሦስት፥ አራት ይላል፤ እኛም የሒሳብ ደብተሩ መሆኑን እያወቅን አልተቈጣነውም። በየካቲት አንድ ቀን አምስት ጊዜ ገብቶ ጥቂት ጥቂት ብቻ ስለ ሸና ያኑኑ ማታ ሐኪም ዘንድ አደረሱት፤ ሳይዘጋ ተደረሰበት። ይህ ሕመም ይመለሳልና ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ሳፋውን መጥረግ የአባትየው ሥራ ሆነ። ከሰርቪስ ወርዶ ፎቁን እንደ ወጣ፥ ልብሱን ሳይለውጥ ይጠርጋል። በየሁለት ሳምንቱም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጁን ይዞ ወደ ደቻቱ ይወርዳል። አሸዋውን ከላይ አያነሣም፤ ውሻና ፍየል ከሚረግጠው በታች ቈፍሮ ያወጣል፤ በወንፊት ይነፋል፤ በቆርቆሮ ላይ ዘርግቶ ቀኑን ሙሉ ለፀሐይ ይተወዋል። ክረምት ሲገባ ግን ወደ ወንዙ አይወረድም፤ በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ያደረሰውን ጥፋት የድሬ ሰው አልረሳውም። ስለዚህ በሰኔ ለክረምቱ የሚበቃ አሸዋ አስቀድሞ ይከማቻል። በዚያ ዓመት ሰኔ ሕፃኗን ለመጠየቅ በሄድን ጊዜ ጆንያው አሁንም በር አጠገብ ነበር፤ እስከ አፉ አሸዋ ተሞልቶ፥ ውሮም በላዩ ላይ ተኝቶበት።